ከቅዳሜ ገበያ እስከ ‹‹ዓሣው ቤተክርስቲያን››
አያትና የልጅ ልጅ በጎተንበርግ የምግብ አዳራሽ

እማዬ ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ዓሣ ለመግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ የወረፋ ቁጥር ያዘች። ቁጥሩ የታተመባት ወረቀት ከአውራ ጣት አትበልጥም። በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሰሌዳው ታያለች፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ሲቀየር ወደ ወረቀቷ ትመለሳለች። በነጠላዋ ላይ የእህቴን ወፍራም የክረምት ካፖርት ደርባለች። ከአጠገቧ ዘጠኝ ዓመት የሆነው የልጅ ልጇ ቆሟል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ተጠጋግተው ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ወደዚያ ወረፋ እንዴት እንደደረስን ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው በስዊድን ሁለተኛ ትልቅ ከተማ በጎተንበርግ ነው። ልጇ የተወለደው እዚያው ነው። እኔና እማዬ ከባሕር ዳር ተነስተን የሄድነው ገናን አሳልፈን፣ በጥር ወር ነበር። ያን ሰሞን በጎተንበርግ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ይጨልማል። እማዬ ጠዋት ተነስታ ጸሎቷን ታደርስና መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ምግብ ሲቀርብላት ትንሽ ቀመስ አድርጋ ‹‹ጠገብኩ›› ትላለች። ልጁ አማርኛ ይሰማል፤ መልሱ ግን በስዊድንኛ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ‹‹ሰላም እማማ›› ይላትና ወደ ክፍሉ ይገባል። እሷም ‹‹እደግልኝ የኔ ጌታ›› ትለዋለች። የቀኑ ጨዋታቸው በዚያው ያበቃል።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ አገኘኋት። ‹‹አገር አቋርጬ የመጣሁት ለእሱ ነበር፤ ለልጁ ግን እንግዳ ነኝ›› አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ቁርስ ላይ ድንገት ቀና ብላ፣ ‹‹ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? እዚህ አገር ገበያ የለም?›› አለች። እህቴና እኔ ተያየን። ካፖርቱን ያለበስናት ያኔ ነው።

ጣሪያ ያለው ገበያ

የከተማዋ ትልቁ የምግብ አዳራሽ ‹‹ስቶራ ሳሉሃለን›› ይባላል፤ ‹‹ትልቁ የገበያ አዳራሽ›› እንደማለት ነው። የሚገኘው በመሀል ከተማ፣ ከቦዩ ዳር፣ ‹‹የንጉሥ አደባባይ›› በሚባለው ሥፍራ ነው። ንድፉን ያወጣው ሐንስ ሄድሉንድ የተባለ አርክቴክት ሲሆን፣ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ጣሪያው እንደ ቅስት ጎበጥ ያለ፣ በብረትና በመስታወት የተሠራ ነው። ያን ዕለት ውጭው አመዳይ የለበሰ ጭጋግ ነበር፤ ውስጡ ግን ከላይ በሚገባው ብርሃን ወገግ ብሏል።

በሩን አልፈን ስንገባ የተቀበለን ሽታው ነው። የተጠበሰ ቡና፣ ያደረ አይብ፣ በጭስ የበሰለ ዓሣ፣ ከምድጃ የወጣ ዳቦ አንድ ላይ ይሸታሉ። በግራም በቀኝም ሱቆች ተደርድረዋል። አንዱ ሥጋ ብቻ፣ ሌላው አይብ ብቻ፣ ሌላው ቅመምና ሻይ፣ ሌላው ቸኮሌት ይሸጣል። በመካከላቸው ረጃጅም ወንበር ላይ ተቀምጠው ሾርባ የሚጠጡ ሰዎች አሉ። እማዬ ቆም ብላ ዙሪያውን ቃኘችና፣ ‹‹ተራ ተራውን ለይተውታል፤ እንደኛው ነው›› አለች።

እውነቷን ነው። የባሕር ዳሩ ቅዳሜ ገበያም የበርበሬው፣ የእህሉ፣ የሸማው፣ የአገልግሉ ቦታ የታወቀ ነው። ልዩነቱ ጣሪያው ነው። ጣሪያውም ቢሆን ሁልጊዜ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ከተሞች በፋብሪካ ምክንያት በፍጥነት ሲያድጉ፣ ሥጋና ዓሣ የሚሸጠው በአደባባይ፣ በጭቃና በአቧራ መሀል ነበር። የምግብ ብክለት ሲያስቸግር ከተሞቹ ገበያውን ወደ አዳራሽ አስገቡት። ውኃ እንዲገባለት፣ ወለሉ እንዲታጠብ፣ ተቆጣጣሪ ቆሞ እንዲያይ ለማድረግ ነው። በዋና ከተማዋ በስቶክሆልም የሚገኘው የኦስተርማልም የምግብ አዳራሽም የዚያው ዘመን ሥራ ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው።

ስለ ኦስተርማልሙ አዳራሽ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ከ2016 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) ለእድሳት ሲዘጋ፣ ከተማው እዚያው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ ጊዜያዊ አዳራሽ ሠርቶ ነጋዴዎቹን አስገባቸው። ደንበኛው ዓሣ ሻጩን ለማግኘት የተሻገረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። እኛም ገበያ ሲነሳ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር፣ ብዙ የአዲስ አበባ እናቶች የለመዱትን የሽንኩርት ደንበኛ እንደገና መፈለግ ነበረባቸው።

‹‹ቀንስ በይው››

የመጀመሪያው ጉዳያችን አይብ ቤት ነበር። እህቴ አንድ ቁራጭ መረጠች። ሻጩ መዝኖ ዋጋውን ነገራት። እማዬ ዋጋውን በብር አስመነዘረችኝና ደረቷን መታች።

‹‹ቀንስ በይው እንጂ!››

‹‹እማዬ፣ እዚህ አገር ክርክር የለም።››

‹‹ታዲያ ምኑን ገበያ ሆነ?››

ስዊድን ውስጥ በመደብር የተለጠፈ ዋጋ፣ ዋጋ ነው። ጥሬ ገንዘብ እንኳ እየጠፋ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚከፍለው በካርድ ወይም በስልክ ነው። ሻጩ ግን የእማዬን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው መሰለኝ። ቀጭን አይብ ቆረጠና በቢላው ጫፍ አድርጎ ዘረጋላት። ለልጁም ደገመ። እማዬ ቀመሰች። ሌላ ዓይነት ቆረጠላት፤ ያንንም ቀመሰች።

‹‹ምን አለ?›› ብላ ልጁን ጠየቀችው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። በቤት ውስጥ በስዊድንኛ ይመልስ የነበረው ልጅ፣ እዚያ ግን በመካከላቸው የሚያስተረጉም ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኔና እናቱ ሆን ብለን ዝም አልን። ‹‹ይኼ… ያረጀ ነው አለ። ጥሩ ያረጀ›› አላት።

እማዬ ሳቀች። ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ‹‹ይኼ የሰጠን ምርቃቱ ነው በለው። አገራችንም ሻጭ ይመርቃል። ኪሎው ከሞላ በኋላ ከላይ ጣል የሚያደርገው ምርቃት ይባላል›› አለችው። ልጁ ወደ ሻጩ ዞረ፤ ለቃሉ የሚመጥን ስዊድንኛ ግን አላገኘም። ‹‹ምርቃት›› ብሎ እንዳለ ነገረው። ሻጩም ‹‹ምርቃት›› ብሎ ደገመ።

ከዚያ በኋላ ልጁ አያቱን እየጎተተ ነው አዳራሹን ያዞራት። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ የተጠቀለለ ቡናማ ዳቦ አስገዛትና ‹‹አሽትቺው›› አላት። አሸተተችው። ‹‹ሄል ነው!›› ብላ ጮኸች። ስዊድኖች በዚህ ቅመም የታወቁ ናቸው፤ የቡና ሰዓት ዳቧቸው ውስጥ ሄል ይገባል። እኛ ከሻይ ጋር የምናውቀው፣ የኮረሪማ ዘመድ የሆነው ሄል ነው፤ ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው። የቡና ሰዓቱን እነሱ ‹‹ፊካ›› ይሉታል። ቡና ከጣፋጭ ዳቦ ጋር ይዘው፣ ሥራ አቁመው፣ ተቀምጠው ይጫወታሉ። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ ‹‹ሁለተኛውና በረካው ቀረባቸው እንጂ የኛው ቡና ነው›› አለች።

ዓሣው ቤተክርስቲያን

ከአዳራሹ ወጥተን ቦዩን ይዘን በእግር ጥቂት እንደሄድን፣ ከውኃው ዳር ጣሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሾለ፣ መስኮቱ የቤተክርስቲያን የሚመስል ሕንፃ ታየን። እማዬ ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመች።

ልጁ ደነገጠ። ‹‹እማማ! ዓሣ ነው! ዓሣ ቤት ነው!››

ሕንፃው ‹‹ፌስከሹርካ›› ይባላል። በጎተንበርግ ሰዎች አነጋገር ‹‹ዓሣው ቤተክርስቲያን›› ማለት ነው። ቪክቶር ቮን ጌገርፌልት የተባለ አርክቴክት ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1874 የተከፈተ የዓሣ ገበያ ነው። ውስጡ ዓምድ የለውም፤ ጣሪያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለ ምሰሶ ቆሟል፤ ሰው እንደልቡ እንዲተላለፍ የታሰበ ነው። አርክቴክቱ ከድሮ የኖርዌይ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ሐሳብ ስለወሰደ፣ ሕዝቡ ስሙን አወጣለት፤ ስሙም ጸና። ሕንፃው ለዓመታት እድሳት ላይ ቆይቶ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። እማዬ ይህን ሁሉ ስንነግራት አላፈረችም። ‹‹ባርኮ የሚሰጥ እሱ ነው፤ ዓሣውም የእሱ ነው›› ብላ ገባች።

የወረፋ ቁጥር የያዘችው እዚህ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ በተፈጨ በረዶ ላይ ዓሣው እንዳለ ተጋድሟል፤ ጭንቅላቱ ሳይቆረጥ፣ ዓይኑ እንደተገለጠ። ሳልሞን፣ ኮድ፣ ሄሪንግ፣ ማኬሬል፣ ሽሪምፕ አለ። ተራችን ሲደርስ እማዬ በጣቷ አንዱን አሳየች፤ ልጁን ደግሞ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ‹‹ጆሮውን ግለጥልኝ በለው።››

ልጁ ግራ ተጋባ። ‹‹ዓሣ ጆሮ አለው?››

‹‹በለው አልኩህ።››

ነገረው። ሻጩ ፈገግ ብሎ የዓሣውን የጉንጭ ክዳን በአውራ ጣቱ ከፈተ። ሥሩ ያለው መተንፈሻ እንደ ደም ቀይ ነበር። እማዬ ልጁን ወደ መስታወቱ አስጠጋችው። ‹‹አየህ? ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። ቡና ከመሰለ ትተህ ሂድ። ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከገባና ከደፈረሰ አድሯል። ሥጋውን ጫን ስትለው ይመለስ። ሽታው ደግሞ የውኃ እንጂ የዓሣ መሆን የለበትም።›› ልጁ እያንዳንዱን ለሻጩ ተረጎመ። ሰውዬው ከቆጣሪው ኋላ ሆኖ በየቃሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። በመጨረሻም በስዊድንኛ አንድ ነገር ተናገረ።

‹‹ምን አለ?››

‹‹አያትህ ዓሣ ሻጭ ነበረች ወይ? አለ።››

ወንዛዬ

እማዬ ዓሣ ሸጣ አታውቅም። ከዓሣ ጋር ግን ነው ያደገችው። ትውልዷ ደራ ውስጥ፣ ወንዛዬ አካባቢ ነው፤ በፍል ውኃው የሚታወቀው ወንዛዬ። ከፍል ውኃው አጠገብ የሚወርደው ጉማራ ወንዝ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ያን ቀን በትራም ወደ ቤት ስንመለስ፣ ልጁ ‹‹ማን አስተማረሽ?›› ብሎ ሲጠይቃት፣ የነገረችው ስለ ጉማራ ነው።

‹‹ክረምት ሲገባ ወንዙ ይደፈርሳል። ያኔ ዓሣው ከጣና ተነስቶ ሽቅብ ይመጣል። ውኃውን እየተቃወመ ነው የሚመጣው። ጎረምሶቹ ብርብራ ወቅጠው ይበትኑበታል፤ ዓሣው ሰክሮ ከላይ ይንሳፈፋል። እኛ ልጆቹ በእጃችን እንለቅማለን።››

እኔ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሃምሳ ዓመት ልሞላ ነው፤ እናቴ በልጅነቷ ዓሣ በእጇ ስትለቅም እንዳደገች አላውቅም ነበር። የጠየቃት ልጁ ነው።

እማዬ ያየችው ነገር ሳይንቲስቶች ብዙ የደከሙበት ነው። ሽቅብ የሚወጣው በአካባቢው ‹‹ነጭ ዓሣ›› የሚባለው ነው። ከኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡና የአገራችን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄዱት ጥናት፣ ይህ ስም የሚሸፍነው አንድ ዓሣ ሳይሆን 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎችን መሆኑን አሳይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና ሌላ የትም የማይገኙ ናቸው። በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅ የሚመሳሰል የዝርያ ስብስብ ነበረ፤ እሱ ጠፍቷል። ከነጭ ዓሣዎቹ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲጠብቃቸው ወይም ሽቅብ ላይ ብርብራ ሲበተን፣ የሚጠፋው የዚያ ዓመት ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉት ዓመታት ዓሣም ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ፣ ‹‹አላወቅንም ነበር። ብዙ ነበር፤ የሚያልቅ አልመሰለንም›› አለች።

ያን ማታ በባሕር ዳር በርበሬ የጎተንበርግ ኮድ ወጥ ሠራች። ልጁ ሽንኩርት ከተፈላት። ስንበላ ዝም ያለ ሰው አልነበረም፤ እማዬም ሁለተኛ አስጨመረች።

ሌላ አያት፣ ሌላ የልጅ ልጅ

ይህ ታሪክ በዚያች ከተማ የመጀመሪያው አይደለም። በኒውዮርክ ስመ ጥር የሆነው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያ ስሙ ካሳሁን ነው። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት እሱና እህቱ በጉዲፈቻ ጎተንበርግ ለሚኖሩ ባልና ሚስት ተሰጡ። ምግብ ማብሰል ያስተማረችው ሄልጋ የምትባል ስዊድናዊት አያቱ ናት። የአሳዳጊ አባቱ ቤተሰብ ደግሞ በምዕራቡ ጠረፍ ስሞገን ከምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ስለሆነ፣ የልጅነት ክረምቶቹን ከዓሣና ከጀልባ ጋር አሳልፏል። በኅዳር 2009 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ባደረጉት የመጀመሪያው የመንግሥት ራት ግብዣ ላይ ምግቡን ያዘጋጀው እሱ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥም በስሙ የሚጠራ ምግብ ቤት አለው።

ኢትዮጵያዊው ልጅ ከስዊድናዊት አያት ተማረ። እኔ ያየሁት ደግሞ ጎተንበርግ የተወለደ ልጅ ከወንዛዬ አያት ሲማር ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ማዕድ ድልድይ ሆኖ የቆየው ከድሮ ነው። ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁበት ወይም ልጆቻችሁን ያሳደጋችሁበት ፋፋም የተወለደው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ካቋቋሙት የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም ነው።

ጣና ዳር፣ ነሐሴ

ልጁ በትምህርት ቤቱ የእረፍት ጊዜ ከእናቱ ጋር ባሕር ዳር መጣ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ እማዬ ቀስቅሳ ሐይቁ ዳር ይዛው ወረደች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጀልባዎቹ ደርሰዋል፤ ከደንገል የተሠሩት ታንኳዎችም ዳር ቆመዋል። ድሮ አስጋሪው ከዳር ብዙም ሳይርቅ በታንኳ ነበር የሚያሰግረው። ሞተር ያለው ጀልባና የናይለን መረብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ኡርክ ከተባለች የኔዘርላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ በመጣ ድጋፍ በተጀመረ ፕሮጀክት አማካይነት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የጣና ዓሣ አዲስ አበባም መድረስ ቻለ።

ዓሣው ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። የሚራገፈው ሣር ላይ፣ ሸራ ላይ፣ ጀልባው ወለል ላይ ነው። ቢላ የያዙ ወጣቶች በደቂቃ ውስጥ ገፈው ፊሌቶ ያወጣሉ፤ የእጃቸው ፍጥነት ያስደንቃል። በረዶ ግን አይታይም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጆሮው ቀይ የነበረው ዓሣ፣ ፀሐይ ስትበረታ ቡና ወደ መምሰሉ ይሄዳል። ሻጩም ያውቃል፤ ስለዚህ እየረፈደ ሲሄድ ዋጋውን ይጥላል። አስጋሪው ሌሊቱን ሙሉ የደከመበት ነገር ዋጋ የሚወሰነው በፀሐይዋ ነው።

ጣሪያ ቢኖርስ? በሐይቁ ዳር አንድ አዳራሽ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የሚታጠብ ወለል፣ የበረዶ ማሽን ቢኖርስ? እህቴ ግን ልታስጠነቅቀኝ ፈለገች። ‹‹እኔ ሳሉሃለን የምሄደው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ውድ ነው። የሳምንቱን አስቤዛ የምገዛው ከሱፐርማርኬት ነው። እዚያ ያየሻቸው ሰዎች ግማሾቹ ቱሪስት ናቸው›› አለችኝ።

ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ለሁሉም ጤና ተብሎ የተሠራው አዳራሽ፣ ዛሬ ለበዓልና ለእንግዳ የሚኬድበት ሆኗል። እኛ ስንሠራ በቅድሚያ መጠየቅ ያለብን ‹‹ጣሪያው ሥር ማን ይገባል?›› ብለን ነው። ጉልት ላይ ሎሚና ቃሪያ ዘርግታ የምትሸጠዋ ሴት ኪራዩን ካልቻለች፣ ጣሪያው የተሠራው ለእሷ አይደለም። በረዶና ንጹሕ ውኃ ግን ጣሪያ እስኪሠራ መጠበቅ የለባቸውም። እነሱን ሸራ ሥርም ማድረስ ይቻላል።

ልጆችን ይዘው ገበያ ሲወጡ

ከእማዬ ተምሬ፣ በጎተንበርግም በባሕር ዳርም ሞክሬ የሠራልኝን ላካፍላችሁ።

በማለዳ ውጡ። ዓሣ ለመግዛት ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ጀልባው እንደደረሰ ነው። በረዶ የያዘ ሳጥን ወይም ወፍራም ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤት እንደደረሳችሁም ቶሎ አብስሉት።

ለልጁ አንድ ሥራ ስጡት። ዝም ብሎ የሚከተል ልጅ ይሰለቻል። የዓሣውን ዓይን እንዲያይ፣ ሎሚውን እንዲመርጥ፣ መልሱን እንዲቆጥር አድርጉት።

ውጭ ያደገ ልጅ ካላችሁ አትተርጉሙለት። እሱ ይተርጉም። ገበያ ላይ ቃል የሚያስፈልገው ነገር ለመግዛት ነውና፣ ስህተቱን ቆጥሮ የሚስቅበት የለም።

አያቶችን ጠይቁ፤ ልጆቹም እንዲጠይቁ አድርጉ። ሳሎን ውስጥ ‹‹የድሮውን ንገሪን›› ሲሏት ‹‹ምን አለው›› የምትል እናት፣ በርበሬ ተራ ስትደርስ ሳትጠየቅ ትናገራለች።

በክረምት ነጭ ዓሣ ስትገዙ ከየት እንደተያዘ ጠይቁ። ከወንዝ አፍ የመጣ፣ ሆዱ በእንቁላል የተሞላ ከሆነ ቢያልፋችሁ ይሻላል። የጣና ነጭ ዓሣ የልጆቻችንም ድርሻ አለበት።

ምርቃት

ያን ጠዋት ሐይቁ ዳር ልጁ ራሱ መግዛት ፈለገ። እማዬ ገንዘቡን ሰጥታው ከኋላ ቆመች። ወደ አንድ ወጣት አስጋሪ ቀረበና በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ ‹‹ጆሮውን ግለጥልኝ›› አለው። ወጣቱ አየት አደረገው፤ ከዚያ ወደ እማዬ ተመለከተና ሳቀ። ገለጠ። ቀይ ነበር። ልጁ ሦስት ቀረሶ ገዛ። ዋጋ አልተከራከረም፤ እማዬ በኋላ ላይ ወቅሳዋለች። ወጣቱ ግን ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ጎንበስ ብሎ አንድ ትንሽ ቀረሶ አነሳና ከላይ ጣል አደረገለት።

ማታ ልጁ ጎተንበርግ ካለ ጓደኛው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። በስዊድንኛ ነው የሚያወራው፤ ስለማልሰማው ልተወው ስል፣ በመሀል አንዲት የማውቃት ቃል ሰማሁ። ‹‹ምርቃት›› አለ። ጓደኛው ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቀው አልቀረም፤ ልጁ ረዘም አድርጎ ያስረዳው ጀመር። እማዬ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ቢላዋን አስቀምጣ፣ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ፣ እስኪጨርስ ድረስ በሩ ላይ ቆመች።